ከብርሃን ፈጥኖ የሚሸሽ ጋላክሲ አለ ወይስ የለም? የፒያሳው ውርርድ

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እሱ ከብርሃን ፈጥነው ከእኛ የሚርቁ ጋላክሲዎች ስላሉ አንስታይን ተሳስቷል ይላል። እኔ ደግሞ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር ስለሌለ ይሄ የቲክቶክ ወሬ ነው አልኩት። በክትፎ ተወራረድን። ውርርዳችን ‹እንዲህ ዓይነት ጋላክሲ አለ ወይስ የለም› የሚል ነው። ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ከሆነ፣ የምናየው ዳር እንዴት 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል ይባላል?»

ምላሽ፦

ክትፎውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ዓይነት ጋላክሲዎች አሉ። ያውም ጥቂት አይደሉም።

ባልደረባዎ ግን ቶሎ ደስ አይበላቸው። መረጃቸው ልክ ነው፤ ድምዳሜያቸው ስህተት ነው። የእርስዎ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። መርሑን በትክክል ይዘው ወደተሳሳተ ቦታ ወሰዱት። አራት ኪሎ ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የማገኘው ጥያቄ ይሄ ነው። በየዓመቱም የሚያሳስተው ያው አንድ ቃል ነው፦ «ፍጥነት»።

ሰው «ዩኒቨርስ በምን ያህል ፍጥነት ይሰፋል?» ብሎ ሲጠይቅ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎሜትር የሚል መልስ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ መልስ የለም። የዩኒቨርስ መስፋፋት ከፍጥነት ይልቅ የባንክ ወለድን ይመስላል። ወለዱ 7 በመቶ ቢሆን፣ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት 7 ብር ያገኛል። 1 ሚሊዮን ያስቀመጠው 70 ሺህ ያገኛል። ባንኩ ለሀብታሙ አላዳላም። መቶኛው አንድ ነው፣ ካፒታሉ ነው የተለያየው። ዩኒቨርስም እንደዚያው ነው። የሚገርመው ቁጥሩም ተቀራራቢ ነው። በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት በአሁኑ መጠን በየቢሊዮን ዓመቱ ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። የኛ ወለድ በዓመት ይታሰባል፣ የዩኒቨርሱ በቢሊዮን ዓመት።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህንኑ በሌላ መልክ ይጽፉታል። በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) የመሸሻው ፍጥነት በሴኮንድ 70 ኪሎሜትር ገደማ ይጨምራል። እጥፍ የራቀው በእጥፍ ይሸሻል። አሥር እጥፍ የራቀው አሥር እጥፍ። ርቀቱን እየጨመሩ ቢሄዱ የሆነ ቦታ ላይ ቁጥሩ የብርሃንን ፍጥነት ማለፉ የግድ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለ ጋላክሲ ሁሉ ዛሬ ከብርሃን ፈጥኖ ከእኛ ይርቃል። ልናየው የምንችለው ዩኒቨርስ ዳር 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ነው። 14ን ለ46 ያካፍሉና ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዙት። 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በይዘት ካሰብነው፣ ከምናየው ዩኒቨርስ ውስጥ ከብርሃን ቀስ ብሎ የሚርቀን ያቺ 3 በመቶ ብቻ ናት። ክትፎው የተበላው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የአንስታይን ሕግ የት ገባ? የትም አልሄደም፣ እንዳለ ነው። በ1905 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የወጣው የአንጻራዊነት ጽንሰ ሐሳብ የሚከለክለው አንድ ነገር ነው። አጠገብዎ በሚያልፍ ነገር እና አጠገብዎ በሚያልፍ ብርሃን መካከል እሽቅድድም ቢደረግ፣ ብርሃኑ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ነው። መልእክት፣ ጉልበት፣ ኳስ፣ መንኮራኩር፣ ምንም ነገር ብርሃንን ቀድሞ ከዚህ ወደዚያ አይደርስም። ልብ ይበሉ፣ እሽቅድድሙ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ ሯጮች መስቀል አደባባይ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሲነሱ ማን እንደቀደመ ይታያል። አንዱ መስቀል አደባባይ፣ ሌላው 20 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ሲሆን ግን «ማን ይፈጥናል» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይደበዝዛል። የሩቁ ጋላክሲ ውስጥ ያለ ብርሃን ጋላክሲውን ጥሎት ነው የሚሄደው። እዚያ ሰፈር ሄዶ ለሚለካ ሰው ማንም ብርሃንን አልቀደመም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ተማሪዎቼ ስለሚወዱት። ጠንካራ ሌዘር ይዘው ጨረቃ ላይ ያብሩ እንበል። እጅዎን ትንሽ ያንቀሳቅሱት፤ የብርሃኗ ነጥብ ከጨረቃ ጫፍ እስከ ጫፍ በመቶኛ ሴኮንድ ታልፋለች። ጨረቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3,474 ኪሎሜትር ናት። ስለዚህ ነጥቧ በሴኮንድ 347,400 ኪሎሜትር «ሮጠች» ማለት ነው። ከብርሃን በለጠች! ግን ከጨረቃ ግራ ወደ ጨረቃ ቀኝ የተጓዘ ነገር የለም። በግራ የቆመ ሰው በዚያች ነጥብ ተጠቅሞ በቀኝ ለቆመው ሰላምታ እንኳ መላክ አይችልም። ሕጉ የሚጠብቀው መልእክትንና ተጽዕኖን ነው። የሚሸሹት ጋላክሲዎችም በመሸሻቸው ለማንም ምንም ፈጥነው አያደርሱም። እንዲያውም ብዙዎቹ ዛሬ ከእኛ የሚላክ መልእክት መቀበል ራሱ ያቅታቸዋል።

አንስታይን ላይ አንድ ነገር ማለት ከተፈለገ ይሄ ይባል። የዩኒቨርስ መስፋፋት የወጣው ስበትን ከሚገልጹት ከራሱ የ1915 እኩልታዎች ነው፣ እሱ ግን አልወደደውም። በ1917 ዩኒቨርስን ቀጥ አድርጎ እንዲያቆምለት አንድ ተጨማሪ ቁጥር እኩልታው ውስጥ ሰካ። ሩሲያዊው ፍሪድማን በ1922፣ ቤልጂጋዊው ቄስ ለሜትር በ1927 እኩልታው የሚሰፋ ዩኒቨርስን እንደሚፈቅድ አሳዩ። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሐብል በ1929 የጋላክሲዎችን ርቀትና ሽሽት አብሮ አሳተመ። ተሳስቷል የሚለው ወሬ እንግዲህ ጭራሽ የተገለበጠ ነው። የተሳሳተው መስፋፋቱን ባለማመኑ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ከብርሃን ፈጥኖ የሚሸሽ ጋላክሲ ብርሃኑ እንዴት ይደርሰናል? ይህንን ጥያቄ ሳይጠይቁ ቢቀሩም ባልደረባዎ ነገ ይጠይቅዎታል፣ ስለዚህ ተዘጋጅተው ይጠብቁ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ቁልቁል እስከ ለገሃር የተዘረጋ ላስቲክ ያስቡ። መርካቶ በሜትር የሚሸጠው ዓይነት። በየቦታው ቋጠሮ አለው። እኛ ማዘጋጃው ጋ ጫፉን ይዘን ቆመናል። ላስቲኩ ይለጠጣል፤ እያንዳንዱ ሜትር በደቂቃ 1 ሳንቲሜትር ይረዝማል። 100 ሜትር ላይ ያለው ቋጠሮ በደቂቃ 1 ሜትር ይርቀናል። 500 ሜትር ላይ ያለው 5 ሜትር። አንዱም ቋጠሮ ግን አልሮጠም፤ ሁሉም በላስቲኩ ላይ እንደታሰረ ነው። አሁን ላስቲኩ ላይ ጉንዳን እናስቀምጥ። ጉንዳኗ በደቂቃ 2 ሜትር ትሄዳለች፣ ወደ እኛ። እሷ ብርሃን ናት። 200 ሜትር ላይ ብትሆን ሄዳ ሄዳ ባለችበት ትቀራለች። 300 ሜትር ላይ ብትሆን ላስቲኩ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይወስዳታል፣ እሷ 2 ሜትር ወደ ፊት ትሄዳለች። ወደ እኛ እየተራመደች ከእኛ ትርቃለች ማለት ነው። ያሳዝናል።

ላስቲኩ ለዘላለም በዚያው መጠን ቢለጠጥ ጉንዳኗ አትደርስም ነበር። የዩኒቨርስ መለጠጥ ግን በአንድ መጠን አልቆየም። መቶኛው መጀመሪያ ላይ በጣም ከፍተኛ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ መጣ። የላስቲኩ መለጠጥ በሜትር ወደ ግማሽ ሳንቲሜትር ቢወርድ ድንበሩ ከ200 ወደ 400 ሜትር ይገፋል። ያቺ ወደ ኋላ ስትጎተት 320 ሜትር የደረሰች ጉንዳን ሳታስበው ከድንበሩ ወዲህ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ጊዜዋን ጠብቃ ማዘጋጃ ትደርሳለች። ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣልን ብርሃን በትክክል ይህን ኑሮ የኖረ ነው። በ2016 በሐብል ቴሌስኮፕ ርቀቱ የተለካው ጂኤን-ዜድ11 የተባለ ጋላክሲ አለ። ብርሃኑ የተነሳው ከ13.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። ጋላክሲው ዛሬ 32 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ግድም ይርቃል፤ ከብርሃን ከ2 እጥፍ በላይ ፈጥኖም እየሸሸ ነው። ፎቶው ግን እጃችን ላይ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ እዚሁ ላይ ይፈታል። 13.8 ቢሊዮን ዓመት የጊዜ ቁጥር ነው። 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ደግሞ የዛሬ ርቀት ነው። ሁለቱ እኩል መሆን የነበረባቸው መንገዱ ባይለጠጥ ኖሮ ነው። እስካሁን ከተቀበልናቸው ብርሃኖች ሁሉ አንጋፋው በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ማግኘታቸውን ያስታወቁት የማይክሮዌቭ ጨረር ነው። ዩኒቨርስ 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሞላው የተነሳ ነው። ያን ጊዜ የተነሳበት ቦታ ከእኛ 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብቻ ነበር የሚርቀው። ሚሊዮን ነው፣ ቢሊዮን አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ከሥሩ እየተለጠጠ ያቺን 42 ሚሊዮን ለመጨረስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ፈጀበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዩኒቨርስ ወደ 1,100 እጥፍ ሰፋ። 42 ሚሊዮንን በ1,100 ያባዙት፣ 46 ቢሊዮንዎን ያገኛሉ። ብርሃኑ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት አልተጓዘም። የተነሳበት ሰፈር ነው ዛሬ እዚያ የደረሰው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ፣ ምክንያቱም ላስቲክ ላስቲክ ሲባል ሰው ሁሉ ነገር ይለጠጣል ብሎ ይሄዳል። ቸርችል ጎዳና አይለጠጥም። እርስዎም አይለጠጡም፣ ክትፎው ካልሆነ በቀር። አቶሞችን የያዛቸው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ፀሐይና ፕላኔቶችን፣ የኛን ጋላክሲና ጎረቤቶቹንም ስበት ይዟቸዋል። መስፋፋቱ የሚታየው በጋላክሲ መንደሮች መካከል ባለው ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። «ቦታ ይለጠጣል» የምንለውም አነጋገር እንጂ ጨርቅ የሚመስል ነገር ተገኝቶ አይደለም። ቦታ ጋላክሲን አይገፋም። የሚለካው በሁለት ጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት ከጊዜ ጋር ማደጉ ነው።

ሌላው፣ የብርሃን መቅላትን በቀጥታ ወደ ፍጥነት የሚቀይሩ ጽሑፎች አሉ። ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ ብርሃን ሞገዱ ተለጥጦ ወደ ቀይ ያደላል። የጂኤን-ዜድ11 ብርሃን ከ11 እጥፍ በላይ ተለጥጦ ነው የደረሰን። ይህንን አይቶ «ከብርሃን 11 እጥፍ ይሮጣል» ማለት ስህተት ነው። እየራቀ ሲሄድ ድምፁ እንደሚወፍር የአምቡላንስ ሳይረን አድርጎ ማስላትም ለቅርቡ እንጂ ለሩቁ አይሠራም። መቅላቱ የሚነግረን ብርሃኑ ከተነሳ ወዲህ ዩኒቨርስ ስንት እጥፍ እንደሰፋ ነው። ከእሱ ወደ ርቀትና ሽሽት ለመሄድ የመስፋፋቱን ታሪክ የያዘ ስሌት ያስፈልጋል።

«መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው» የሚለውም ሰውን ያወናብዳል። በ1998 ሁለት ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ከዋክብትን) ለክተው ደረሱበት። ለዚህም ፐርልሙተር፣ ሽሚትና ሪስ በ2011 ኖቤል አገኙ። ወዲያው ግን «ቅድም መቶኛው ይቀንሳል አላልክም?» ይሉኛል። አዎ፣ ብያለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ወደ ወለዱ እንመለስ። ባንኩ መቶኛውን ቀስ እያለ ቢቀንስ እንኳ፣ ካፒታልዎ ካደገ በዓመት የሚያገኙት ብር ሊጨምር ይችላል። የእያንዳንዱ ጋላክሲ የመሸሽ ፍጥነት ይጨምራል፣ መቶኛው ግን ይወርዳል። ፍጥነቱን የሚጨምረውን ነገር ዳርክ ኢነርጂ ብለን ስም አውጥተንለታል። ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

መቶኛው ራሱ እስካሁን ያከራክራል። ቅድም በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሴኮንድ 70 ኪሎሜትር ገደማ ባልኩት ቦታ፣ ከጥንቱ ማይክሮዌቭ ጨረር ተነስቶ የሚሰላው 67 ገደማ ይሰጣል፣ በቅርብ ጋላክሲዎችና ሱፐርኖቫዎች የሚለካው 73 ገደማ። ስለዚህ እኔ 14 ቢሊዮን ያልኩት ድንበር እንደ መለኪያው ከ13.4 እስከ 14.5 ሊል ይችላል። ለክትፎው ልዩነት የለውም። 32 ቢሊዮን ላይ ያለ ጋላክሲ በየትኛውም ቁጥር ከድንበሩ ውጭ ነው።

«እንግዲያው መስፋፋቱን ተሳፍረን ብንሄድስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ አይሆንም ነው። መስፋፋቱ የሚያርቅ እንጂ የሚያደርስ አይደለም። ሜክሲካዊው አልኩቢየሬ በ1994 ከመንኮራኩር ፊት ቦታን አጥፎ ከኋላ የሚዘረጋ ንድፍ በሂሳብ አሳይቷል። ንድፉ የሚፈልገው አሉታዊ ጉልበት ግን በሚያስፈልገው መጠን በማንም እጅ የለም። እንዲያውም መስፋፋቱ የሚሠራው በእኛ ላይ ነው። ዛሬ ከ16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በላይ የራቀ ጋላክሲ አሁን የሚያበራው ብርሃን መቼም አይደርሰንም። እኛም አሁን ተነስተን በብርሃን ፍጥነት ብንበር አንደርስበትም። የቀድሞውን ብርሃኑን ማየት እንቀጥላለን፣ እየቀላና እየደበዘዘ። እንደ ድሮ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ጸሐፊው ከሄደ ቆይቷል።

በአንድ ቦታ ላይ ብርሃንን የቀደመ ነገር ተገኘ የሚል ዜና ከሰሙ ደግሞ ተረጋግተው ይጠብቁ። በመስከረም 2011 ከጄኔቭ ተልከው ጣሊያን ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ብርሃንን በ60 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ቀደሙ ተብሎ ዓለም ታመሰ። ከወራት በኋላ ሲመረመር በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኬብል ተገኘ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አንስታይን ተነካ ይባል ነበር። የጋላክሲዎቹ ሽሽት ግን አይነካውም።

ምክሬ ይሄ ነው። «ዩኒቨርስ ከብርሃን ፈጥኖ ይሰፋል» የሚለውን አባባል ሁለታችሁም ተዉት፣ ትርጉም የለውም። ርቀት ሳይጠቀስ ፍጥነት አይጠቀስም። በምትኩ እንዲህ በሉ፦ «ከ14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የራቁ ጋላክሲዎች ከእኛ የሚርቁበት መጠን ከብርሃን ፍጥነት ይበልጣል፤ አንዳቸውም ግን ባሉበት ቦታ ብርሃንን አልቀደሙም።» ረዥም ነው፣ አውቃለሁ። ለቲክቶክ አይመችም።

ክትፎውን ደግሞ ሳይከራከሩ ይክፈሉ፣ ውርርድ የሚፈረደው በቃሉ ነው። ከፈለጉ ግን መልሰው ማስያዝ ይችላሉ። ባልደረባዎን «ሁሉም ጋላክሲ ከእኛ ይሸሻል?» ብለው በማኪያቶ ያስይዟቸው። አዎ ካሉ ተበሉ። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ በሴኮንድ ወደ 110 ኪሎሜትር እየቀረበችን ነው። ስበት መስፋፋቱን ያሸነፈበት ቦታ ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ሰሜን ከፍ ብላ ትታያለች። ፒያሳ ላይ በመብራቱ ምክንያት አይሞክሩት፣ ከከተማው ወጣ ይበሉ። እንደ ትንሽ የጭጋግ ጠብታ ሆና በባዶ ዓይን ትታያለች።